ከሚነገር እንግሊዝኛ ኮርፐስ ለማታ ተማሪዎች መልመጃ ማዘጋጀት፦ ከየት ይጀመር?

መምህርቷ ከቦርከና ዳር (ጥያቄ)

እንደምን ከረማችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ለሚሰጥ የማታ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት መልመጃ እያዘጋጀሁ ነው። ተማሪዎቹ 28 ናቸው፤ አብዛኞቹ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ፣ ጥቂቶቹ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ። ሰዋስው ላይ ችግር የለባቸውም። የውጭ አገር ተቆጣጣሪ ፊታቸው ቆሞ ቶሎ ቶሎ ሲናገር ግን ይጠፋባቸዋል፤ ሲመልሱም የተጻፈ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። የመማሪያ መጽሐፎቹ ምልልስ ደግሞ ማንም ማንንም የማያቋርጥበት፣ ማንም የማይንተባተብበት ነው።

ከእውነተኛ ንግግር የተሰበሰበ ኮርፐስ (በኮምፒውተር ቃል የሚፈለግበት የቋንቋ ናሙና ክምችት) ልጠቀም አስቤያለሁ። የትኛው ይሻላል? ከተገኘው ነገር ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ መልመጃ የሚደረሰውስ እንዴት ነው? ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ድምፅ ማጉያና ፎቶ ኮፒ ነው። ፕሮጀክተር የለም፤ ኔት ደግሞ ይመጣል ይሄዳል።

ጦሳ ግርጌ

አብሽሪ መምህርት፣ ያለሽ ዕቃ ይበቃል። ከኮርፐስ ሥራ አብዛኛው ተማሪ ሳይመጣ ላፕቶፕ ላይ የሚያልቅ ነው፤ ክፍል የሚገባው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። (ከስልክ ስለምጽፍ እንግሊዝኛውንም በፊደላችን ነው የማሰፍረው።)

መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ የንግግር ኮርፐስ ሲባል አብዛኛው ድምፅ የለውም፤ ተገልብጦ የተጻፈ ንግግር ነው። ስለዚህ ማዳመጫ መሥራት ከፈለግሽ ምርጫሽ ይጠብባል።

የብሪታንያው የ2014 የንግግር ኮርፐስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዙልኝ) 11.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት አሉት። ከ2012 እስከ 2016 ሰዎች ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ በስልካቸው የቀዱት ነው። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሲኪውፒዌብ በሚባል ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል፤ ተመዝግቦ በነፃ መፈለግ ይቻላል፣ ድምፁ ግን ለሕዝብ አልተለቀቀም። የቀድሞው የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ቃላት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንግግሩ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ግን አርጅቷል፤ እዚያ ሞልታ የምትገኘው «ማርቨለስ» በአዲሱ ተመናምናለች፣ «ኦሰም» በዝታለች። ኮካ የሚባለው የአሜሪካ ኮርፐስ ቢሊዮን ቃላት አለው ሲባል አያጓጓሽ። የንግግር ክፍሉ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ውይይት ነው፤ ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው አነጋገር ለፋብሪካ ወለል አይሆንም።

ድምፅ ከነጽሑፉ የምታገኚው በሳንታ ባርባራው የአሜሪካ ንግግር ኮርፐስ ነው። ትንሽ ነው፤ 60 ቅጂ፣ 249,000 ገደማ ቃላት። ሁሉም በነፃ ይወርዳል፤ ጽሑፉ ላይም እያንዳንዱ መስመር የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰኮንድ ተመዝግቧል። ኔት ደህና በሆነበት ሰዓት አንዴ አውርደሽ አስቀምጪው።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ ኮርፐሱን ከፍተሽ «ምን ላግኝ» ብለሽ አትዞሪ፤ ቀኑን ይበላዋል። ተማሪው የሚቸገርበትን አንድ ተግባር ያዢ። ለአንቺ ክፍል «ያልገባኝን እንዴት ልጠይቅ» የሚለው ይመስለኛል። ሲኪውፒዌብ ላይ «ዩ ሚን» ብለሽ ፈልጊ። የሚመጣው ተነብቦ የሚያልቅ አይደለም፤ «ቲን» በሚለው ትእዛዝ በዘፈቀደ ወደ 100 መስመር አሳንሺው። ከላይ የተደረደሩትን 100 እንዳሉ መውሰድ አያዋጣም፣ ከጥቂት ቅጂዎች ብቻ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉና የሁለት ሦስት ሰዎችን አመል ለእንግሊዝኛ ትሰጪያለሽ። ያሳነስሽውን አውርደሽ እስክሪብቶ ይዘሽ አንብቢ። አራት ክምር ይወጣልሻል።

አንደኛው «ዩ ሚን» ብሎ ስም ወይም አጭር ሐረግ ያስከትላል፤ የሰማውን ለማረጋገጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ በተራው መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ሁለተኛው «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ» ብሎ ያልገባውን ቃል ይጠቅሳል፤ ማብራሪያ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው «ዋት ዱ ዩ ሚን» ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስከትላል፣ «ዋት ዱ ዩ ሚን ዩ ዶንት ኖው» እንደሚባለው፤ ይሄ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ቅሬታ ነው፣ «እንዴት አላውቅም ትላለህ!» ነው። አራተኛው «አይ ኖው ዋት ዩ ሚን» ነው፤ መስማማት፣ «ገብቶኛል፣ እኔም እንደዚያው ነኝ» ማለት።

የትምህርቱ እንብርት ሦስተኛው ክምር ነው። አለቃው ያዘዘውን ሳይሰማ የቀረ ሠራተኛ የአለቃውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከ«ዋት ዱ ዩ ሚን» በኋላ ከደገመው፣ ትሕትና መስሎት ክርክር ከፈተ ማለት ነው። ይህን በትርጉም ብታስረጂው ከመንገድ ይረሳል፤ አሥር መስመር ደርድረሽ ራሳቸው እንዲያዩት ማድረግ ይሻላል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቲም ጆንስ ያስለመደው አካሄድ ይሄው ነው፤ ደንቡን ተማሪው ከመስመሮቹ ያወጣዋል።

ከ100ው ከ10 እስከ 12 መስመር ምረጪ። ስድብ ያለበትን አውጪ፤ የቤት ወሬ ስለሆነ በብዛት አለ፣ ሳይነበብ ፎቶ ኮፒ የተላከ ወረቀት ክፍል ውስጥ ያሳፍራል። የእንግሊዝ ሱቅና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስም ካልታወቀ የማይገባውንም አውጪ። ግን የመረጥሽውን መስመር አታርሚ፤ ካልተመቸሽ ጣይውና ሌላ ውሰጂ። መንተባተቡን ካጸዳሽው ያ የሸሸሽው የመጽሐፍ ምልልስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ለሕትመት፦ ኤ4 ወረቀት በአግድም፣ ፊደሉ ኩሪየር፣ መጠኑ 10፣ ከተፈለገው ቃል ግራና ቀኝ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 50፣ 50 ፊደል። የፊደሎቹ ስፋት እኩል ያልሆነ ዓይነት ከተጠቀምሽ ቃሉ መሀል ላይ አይሰለፍም፤ ካልተሰለፈ ደግሞ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው? የሚናገረው አዲስ ሰው ነው ወይስ ያው ሲናገር የነበረው? ሰውየው መልስ ይፈልጋል ወይስ ተቆጥቷል? ጥንድ ጥንድ ሆነው 15 ደቂቃ። ከዚያ ከሳንታ ባርባራው ግማሽ ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ሦስት ጊዜ አሰሚ፤ በመጨረሻ ራሳቸው ይጠያየቁ።

ሐረጎ ላይ

ጦሳ ግርጌ ያቀረበው አሠራር ትክክል ነው። በኮርፐሱ ምርጫ ግን አልስማማም። እነዚህ ልጆች የሚያናግሩት ለንደን ያደገ ሰው አይደለም። ፓርኩ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ራሱ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘ ነው። የእንግሊዝ ቤተሰብ እራት ላይ የሚያወራው ወሬ ለዚህ ምን ይጠቅማል?

ቮይስ የሚባለውን ኮርፐስ እዩት። የቪየና ዩኒቨርሲቲ በ2009 የለቀቀው ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቃላት፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች በሥራ ስብሰባ፣ በትምህርት፣ በጨዋታ ሲግባቡ። በአብዛኛው አውሮፓውያን ናቸው፤ ይሄ ጉድለቱ ነው። የሚያስተምረው ግን የመግባቢያ ዘዴውን ነው፦ ያልሰሙትን ማስደገም፣ ቃል ሲጠፋ ዞሮ መግለጽ፣ ቁጥርና ቀን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ። የሥራ ስብሰባዎቹን ብቻ ለይቶ መፈለግ ይቻላል። ምልክቶቹን ቀድማችሁ ተማሩ፤ በቅንፍ ያለ ነጥብ አጭር ዝምታ ነው፣ በቅንፍ ያለ ቁጥር የዝምታው ሰኮንድ፣ @ ሳቅ፣ በማዕዘን ቅንፍ ያሉ ቁጥሮች እኩል የተናገሩበት ቦታ። ይህ ሁሉ ሳይጸዳ ለተማሪ ከተሰጠ ሒሳብ ይመስላል።

ሌላ ያልተነሳ ነገር አለ፣ የአድማጭ ድርሻ። እኛ «አዎ፣ እየሰማሁህ ነው» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን። ያልለመደ የውጭ ሰው የደነገጥን ወይም የታመምን ይመስለዋል። ወይ ደግሞ ጭንቅላት እየነቀነቅን ዝም እንላለን፤ በስልክ ሲሆን መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል። በንግግር ኮርፐስ ውስጥ ግን «ያ»፣ «ምም»፣ «ራይት»፣ «ኦኬ» በየመስመሩ ነው። መልመጃው ቀላል ነው፦ አንዱ በረጅሙ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚያዳምጥበት የሁለት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ይመረጥ። የአድማጩ ቃላት ከወረቀቱ ይውጡና በቦታቸው ባዶ መስመር ይተው። ተማሪዎች የቱ ጋ ምን እንደሚሉ ይሙሉ፤ ከዚያ ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ብዙዎቹ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ዋናው ላይ ግን አድማጩ በሐረግ መሀልም ይገባል። ቀጥሎ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አንዱ መንገድ ያሳይ፣ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ድረስ ይበቃል፤ መነቅነቅ ስለማይታይ ድምፅ ማውጣት ግድ ይሆናል። ለመሙያ «ኢንተረስቲንግ» የሚል ካዩ ዕድላቸው ነው እንጂ አያስፈልግም፤ አራቱ ይበቃሉ።

ጦሳ ግርጌ

ስለ ቮይስ እስማማለሁ፣ በአንድ ገደብ። እዚያ ውስጥ «ሺ ጎ» ዓይነት ግሡ ያልተሟላ አነጋገር አለ፤ ተግባብተውበታል፣ ስህተት ተብሎም አይታረምም። ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ፊት በባዶ ቦታ ሙላ መልክ አይቅረብ። ለዘዴ ቮይስን፣ ለቃላትና ለሐረግ ቅርጽ የብሪታንያውን ብትጠቀም አይጋጩም።

ኔት ሲጠፋ ለሚሠራው ደግሞ አንትኮንክ የሚባል የኮርፐስ መፈለጊያ ፕሮግራም አለ፤ ነፃ ነው፣ የጃፓኑ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ሎረንስ አንቶኒ የሠራው፣ ያለ ኔት ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የሳንታ ባርባራውን ጽሑፍ እንዳለ ብትጭኚበት ግን የቃላት ዝርዝሩ ያስቅሻል። ከላይ ከሚመጡት «ቃላት» አንዱ ኤች የምትባለው ፊደል ትሆናለች፤ ጽሑፉ ውስጥ የትንፋሽ መሳቢያ ምልክት ስለሆነች ነው። የተናጋሪዎቹ ስምም በየተራው ስላለ አብሮ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚከፋው የእኩል ምልክት (=) ነው፤ ድምፁ የተጎተተበትን ለማሳየት ቃሉ መሀል ይገባል፣ ስለዚህ «ዌል» ለሁለት ተሰንጥቆ ይቆጠራል፣ ስትፈልጊውም አይገኝም። እኩል ንግግርን የሚያሳየው [ ] ቅንፍም ቃል መሀል ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ የፋይሎቹን ቅጂ ያዢ፤ ከዚያ በቅጂው ላይ «ፈልግና ተካ» በሚለው በትንፋሹ ምልክት ጀምረሽ =፣ @፣ [ እና ] አንድ በአንድ በባዶ ተኪ። ፋይሉን ስታስቀምጪ የፊደል ኮዱን ዩቲኤፍ 8 ማድረግ አይረሳ። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ሰኮንዱን የምታገኚው እዚያ ነው።

የተቆረጡ ቃላትም ያስቸግራሉ። አንትኮንክ ቃል የሚለው በፊደል ብቻ ከሆነ «ዶንት» በጭረቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ጭረቷን በቅንብሩ ላይ እንደ ፊደል እንዲቆጥራት አድርጊ። በብሪታንያው ኮርፐስ ደግሞ «ጎና» ሁለት ቃል ሆና ነው የተቀመጠችው፤ በመሀሏ ክፍት ቦታ ሳይደረግ ከተፈለገች ምንም አይመጣም፣ ሰውም «እንግሊዞች አይሉትም» ብሎ ይደመድማል።

የሁለት ኮርፐስ ቁጥር ለማወዳደር ጥሬውን አትዪ። 250,000 ቃላት ውስጥ 50 ጊዜ የመጣ ሐረግ በሚሊዮን 200 ነው፤ 10 ሚሊዮን ውስጥ 1,200 ጊዜ የመጣው በሚሊዮን 120 ብቻ ነው። የተገኘውን ለጠቅላላው አካፍሎ በሚሊዮን ማባዛት ነው። በስንት ፋይል ውስጥ እንደተገኘም ተመልከቺ፤ 40 ጊዜ መጥቶ 30ው የአንድ ሰው ከሆነ ለትምህርት አይሆንም።

ሰኞ ገበያ

ወዳጆቼ፣ የጠቀሳችኋቸው ኮርፐሶች የፋብሪካ ቃል የላቸውም። የስፌት መስመር፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የጭነት ርክክብ ከየት ይምጣ? ትንሽ የራስ ቅጂ መጨመር ይቻላል።

ግን ስፋቱን አታጋኑት። ሰው በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ይናገራል፤ አምስት የአሥር ደቂቃ ቅጂ 7,500 ቃላት ገደማ ነው። ሥራው ያለው መገልበጡ ላይ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ድምፅ ከስድስት ሰዓት በታች አትገምቱ፣ ማሽን የሚጮህበት ቦታ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ወለሉ ላይ አትቅዱ፤ የጠዋት ስምሪት የሚሰጥበት ክፍል ይሻላል፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተነጥፎለት።

እንደ ዊስፐር ያለ ራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጊዜ ይቆጥባል፤ ጥሩ አድርጎ ስለሚያጸዳ ግን ለዚህ ሥራ ችግር ነው። «ኧ»ውን፣ ድግግሞሹን፣ ተጀምሮ የተተወውን ብዙውን ጊዜ ይጥለዋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እሱን ነው። ዝምታ ሲረዝምበትም ያልተባለ ነገር ይጽፋል። ለረቂቅ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ድምፁን እየሰማችሁ መልሱት።

ፈቃድ ቀድሞ ነው፦ ከድርጅቱም፣ ከእያንዳንዱ ተናጋሪም፣ በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ፤ የጠሉ ከሆነ ያለ ጥያቄ የሚሰረዝ መሆኑ ተጠቅሶ። የሰው ስም፣ የደንበኛ ስም፣ ዋጋና የትእዛዝ ቁጥር ሲገለበጥ በሌላ ይተካ። ድምፁን ክፍል ውስጥ አታሰሙ፤ 28 ሰው ውስጥ ተናጋሪውን የሚያውቅ አይጠፋም። ጽሑፉን ሌሎች ያንብቡት።

ከዚህ ትንሽ ኮርፐስ «ይህ ሐረግ ይበዛል» የሚል ድምዳሜ አይወጣም፣ መጠኑ አይፈቅድም። የሚወጣው የቃል ዝርዝርና የሚታወቅ ሁኔታ ነው። ርዕሱን ከዚህ ውሰዱ፣ ሐረጉን ከትልቁ።

መምህርቷ ከቦርከና ዳር

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ተማሪዎቹ በወር ይከፍላሉ፤ ነፃ የተባሉትን ለእነሱ ማባዛት ችግር አለው? ደግሞ ከሳንታ ባርባራው ድምፅ ቆርጬ በስልካቸው ብልክላቸውስ?

ሐረጎ ላይ

ነፃ ማለትና እንደፈለጉ ማድረግ አንድ አይደለም። የቮይስ ፈቃድ ለንግድ ላልሆነ ጥቅም ነው። ክፍያ ያለበት ክፍል ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር መገመት አያስፈልግም፤ ለአዘጋጆቹ አጭር ኢሜይል ጽፈሽ መልሱን አስቀምጪ። የብሪታንያውንም ስትመዘገቢ የምትስማሚበትን ጽሑፍ ሳታነቢ አትለፊ፤ አሥር መስመር ክፍል ውስጥ ማሳየትና ጥራዝ አድርጎ መሸጥ ለየብቻ የሚታዩ ናቸው።

ሳንታ ባርባራው ምንጩ ከተጠቀሰ ማባዛት ይፈቅዳል፣ ቀይሮ ማሰራጨትን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ቆርጠሽ አዲስ ፋይል አትሥሪ። ሙሉውን ቅጂ ስጫቸውና ወረቀቱ ላይ «ከ4፡10 እስከ 4፡45» ብለሽ ጻፊ፤ ሰኮንዱ ከጽሑፉ ዳር አለልሽ። ለስልክ ፋይሉ ከከበደ በኔት አትላኪው፣ ክፍል ውስጥ በፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ይቀባበሉ። ያጸዳሽው ጽሑፍ ለአንትኮንክ ብቻ ነው፤ የሚባዛው ዋናው ይሁን፣ ምልክቶቹን የሚፈታ አራት መስመር ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፈሽ አያይዢበት።